ዋንጫው የማን ነው? የአሠልጣኝን አሻራ በምን እንመዝነው?

ትክል ድንጋይ፦ በላይ አርማጭሆ ወረዳዋ ትክል ድንጋይ ከተማ የገበያ ቀን ሁለት ወሬ አይታጣም፤ አንዱ የእህል ዋጋ፣ ሌላው ፋሲል ከነማ። ስለ እህሉ ዋጋ ሻጭም ሸማችም የየራሱን ተናግሮ ይለያያል። የፋሲል ነገር ሲነሣ ግን ክርክሩ ቶሎ አያባራም። አንዱ በ2013 ዓ.ም ወደ ጎንደር የመጣውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ለአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ ይሰጣል። ሌላው ቡድኑን ያበጁት ከእርሳቸው በፊት የነበሩት አሠልጣኝ ውበቱ አባተ ናቸው፤ ሥዩም የደረሰ አዝመራ አጨዱ እንጂ ብሎ ይሟገታል።

ይህ ጽሑፍ ከሁለቱ አንዱን ለማንገሥ አልተጻፈም። የጽሑፉ መነሻ የክርክሩ መመዘኛ ነው። ክርክሩ በተነሣ ቁጥር ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ዋንጫው ብቻ ነው። በገጠሩ አካባቢ ግን ሰው እንዲህ አይመዘንም። ጎተራው ዘንድሮ ሞልቶ መሬቱ የተራቆተበት፣ ለከርሞ የሚዘራው ዘር ያላስቀረ ገበሬ ጎበዝ አይባልም። አሠልጣኝም ሲመዘን ሦስት ነገሮች አብረው ሊታዩ ይገባል፤ ያስመዘገበው ውጤት፣ ያስፈረማቸው ተጫዋቾች እና ያፈራቸው ተተኪዎች። ከሦስቱ በላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ። ሲመጣ ምን ተረከበ፣ ሲሄድስ ምን አስረከበ?

ጥያቄው የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። የከተማ ክለቦቻችን በአብዛኛው የሚተዳደሩት በሕዝብ ገንዘብ ነው። አሠልጣኝ ሲቀጠርም ሲሰናበትም ወጪው የሕዝብ ነው። ሕዝቡ የሚመዝንበት ሚዛን ከተዛባ፣ ክለቡ የሚቀጥርበትና የሚያሰናብትበት ሚዛንም ይዛባል።

ውጤት የሚናገረውና የሚደብቀው

ከሁሉ የሚቀለው ውጤትን መቁጠር ነው። ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የተመለሰው በ2009 ዓ.ም የውድድር ዘመን ነው። በ2011 ዓ.ም በአሠልጣኝ ውበቱ እየተመራ እስከ መጨረሻው ቀን ለዋንጫ ተፎካክሮ ከመቐለ 70 እንደርታ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሣ። ውበቱ ከዚያ ሲለቁ ሥዩም ከበደ ተተኩ። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም ፋሲል ጨዋታዎች እየቀሩት ሻምፒዮን መሆኑን አረጋገጠ፤ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫም ወሰደ።

የውጤት መዝገቡ ይህን ይላል። አንባቢ ግን መዝገቡን ሲያነብ ከቁጥሩ ጎን የቆመውን ሁኔታ ማየት ይኖርበታል። በ2013 ዓ.ም የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት አልተወዳደሩም። የቀደመው ሻምፒዮን መቐለ 70 እንደርታ አልነበረም፤ ሊጉም በ13 ክለቦች ተካሄደ። በዚህ በኩል ሲታይ ተፎካካሪው ቀንሷል። በሌላ በኩል ደግሞ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ስለተካሄደ ፋሲል በገዛ ሜዳው በፋሲለደስ ስታዲየም፣ በገዛ ደጋፊው ፊት አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም። ሜዳውና ደጋፊው ትልቅ ጉልበቱ ለሆነ ክለብ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። አንዱ ሁኔታ ከዋንጫው ክብደት ጥቂት ቢቀንስ ሌላው መልሶ ይጨምርበታል።

ውጤትን ከሁኔታው ጋር አያይዞ የማንበብን ነገር ከብሔራዊ ቡድናችን ታሪክ በላይ የሚያስተምር የለም። አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው በጥቅምት 2005 ዓ.ም ሱዳንን አስወግደው ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሱ። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣው ቡድን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከሜዳ ውጪ ባስቆጠራቸው ግቦች አለፈ። ደቡብ አፍሪካ ላይ በተካሄደው ውድድር ግን ያገኘው አንድ ነጥብ ነው። አንድ ግብ አስቆጠረ፤ ሰባት ገባበት። በቁጥር ብቻ ካየነው የምድቡ መጨረሻ ነው።

ሁኔታውን እንጨምርበት። በመጀመሪያው ጨዋታ የገጠመው የወቅቱን የአፍሪካ ሻምፒዮን ዛምቢያን ነበር። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ በአሥር ሰው የቀረው ቡድን ከኋላ ተነሥቶ በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ተለያየ። በቀሪዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ያሸነፉት ቡርኪና ፋሶና ናይጄሪያ ለፍጻሜ የተገናኙት ራሳቸው ሁለቱ ናቸው፤ ናይጄሪያ ዋንጫውን ወሰደች። ናይጄሪያ ኢትዮጵያን ያሸነፈችውም ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በተገኙ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች ነው። አንዲት ነጥብ ከእንዲህ ያለ ምድብ ስትገኝና ከቀላል ምድብ ስትገኝ ክብደቷ አንድ አይደለም።

በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ላይ የሆነው ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ቡድኑ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ነገር ግን በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደው ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ ስለነበር ውጤቱ ተሰርዞ 3 ለ 0 ለቦትስዋና ተመዘገበ። በሜዳ የተገኘው ሦስት ነጥብ በወረቀት ሥራ ጠፋ። ቡድኑ ያም ሆኖ ደቡብ አፍሪካን ቀድሞ በ13 ነጥብ ምድቡን አሸነፈ፤ በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ ቀረ። የጠፋው ሦስት ነጥብ በአሠልጣኙ መዝገብ ይጻፍ ወይስ ካርድ ቆጥሮ ማሳወቅ በነበረበት አስተዳደር? ፍትሐዊ መዛኝ አሠልጣኙ ያዘዘውንና ያላዘዘውን ይለያል።

ሁኔታን ማየት ማለት ግን ለአሠልጣኝ ሁሌ ምክንያት መፈለግ አይደለም። በ2006 ዓ.ም በሀገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች በሚሳተፉበት የቻን ውድድር የሰውነት ቡድን ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ግብ ሳያገባ ተሸንፎ ተመለሰ፤ አሠልጣኙም ብዙ ሳይቆዩ ተሰናበቱ። ይህም በመዝገቡ ላይ አለ። ከ31 ዓመት በኋላ የመጣው ደስታ አይሰርዘውም፤ እርሱም ደስታውን አይሰርዘውም።

ያስፈረማቸው፦ በየዓመቱ የሚሸመት ዘር

ሁለተኛው ሚዛን የተጫዋች ምርጫ ነው። በክለብ ዝውውር ይባላል፤ በብሔራዊ ቡድን ጥሪ ይባላል። ሁለቱም የአሠልጣኝን ዓይን ያሳያሉ።

በዝውውር ላይ የተለመደው ስሕተት አሠልጣኝን ባመጣው ስም ማድነቅ ነው። ትልቅ ስም ማምጣት የገንዘብ ያዥ ሥራ ነው። የአሠልጣኝ ሥራ የሚታየው ከፈረመ በኋላ ነው። ተጫዋቹ ስንት ጨዋታ ተሰለፈ? በየትኛው ጎደሎ ቦታ ገባ? ሲመጣ ከነበረው ይልቅ ሲሄድ ተሽሎ ነበርን? ሲለቅስ ክለቡ ምን ቀረለት?

የፋሲል የ2013 ቡድን በዚህ ሚዛን ሲታይ ጥሩ ይወጣል። በዚያ ዓመት የኮከብ ግብ አግቢነቱን ክብር የወሰደው በ29 ግቦች የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነው፤ ዋንጫው ግን ወደ ጎንደር ሄደ። ይህ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ፋሲል በአንድ ሰው እግር ላይ የቆመ ቡድን አልነበረም። ያሬድ ባየህ ከኋላ፣ ሱራፌል ዳኛቸው በመካከል፣ ሽመክት ጉግሳ በመስመር፣ ሙጂብ ቃሲም ከፊት ሆነው ክፍተት የማይታይበት ቡድን ነበር። ብዙዎቹ በሁለቱም አሠልጣኞች ሥር ተጫውተዋል፤ አንዱ የመረጠውን ሌላው አልበተነም። በሀገራችን አዲስ አሠልጣኝ ሲመጣ የራሱን ተጫዋቾች ይዞ መምጣቱ፣ የነበረውንም አፍርሶ መጀመሩ የተለመደ ነው። የተረከቡትን ይዞ ማሻሻል እንደ ድክመት የሚታይበት ምክንያት የለም። በትክል ድንጋዩ ክርክር ውስጥ ለሥዩም የሚገባው አንድ ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ ያማረ ማሳ ሲረከቡ አልገለበጡትም።

ሙጂብ ከዋንጫው በኋላ ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ አቀና። ለተጫዋቹ ዕድገት ነው፤ ለአሠልጣኞቹም ምስክር ነው። ለክለቡ ግን ከባድ ጥያቄ ትቷል። በሀገራችን የተጫዋች ውል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ውሉ ሲያልቅ ተጫዋቹ በነጻ ይሄዳል፤ ክለቡም በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ገበያ ይወጣል።

የግብርና ኮሌጅ ትምህርት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ድቅል የበቆሎ ዘር የተዘራበት ዓመት ምርቱ ያስደስታል። ከዚያ ምርት ላይ ዘር አስቀርቶ ለከርሞ የሚዘራ ገበሬ ግን ያዝናል፤ የመጀመሪያው ጉልበት ወደ ሁለተኛው ትውልድ እንዳለ አይተላለፍምና ምርቱ ይወርዳል። ስለዚህ ድቅል ዘር በየዓመቱ ይሸመታል። ስንዴና ጤፍ ግን በትክክል ከተመረጡ ከማሳው ላይ ዘር ሆነው ለተወሰኑ ዓመታት ያገለግላሉ። ዝውውር እንደ ድቅል ዘር ነው። መጥፎ አይደለም፤ ዋንጫ ያመጣል። በእርሱ ብቻ የሚኖር ክለብ ግን በጀቱ በቀነሰበት ዓመት የሚዘራው ያጣል።

ከዝውውር ጋር የሚነሣ ሌላም ጉዳይ አለ። የ2013ቱ ፋሲል ግብ ጠባቂ የማሊ ዜጋው ሚኬል ሳማኬ ነበር። ለውጤቱ ያደረገው አስተዋጽኦ ግልጽ ነው። በብዙ ክለቦቻችን የግቡ ቦታ በውጭ ዜጎች በተያዘ ቁጥር ግን የሀገር ልጅ ግብ ጠባቂ በጨዋታ የሚበስልበት ዕድል ይጠብባል። እንግዲህ አንዱ ሚዛን የሚያነሣውን ሌላው ሊጥለው ይችላል። ሦስቱን ለየብቻ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ያፈራቸው፦ የማይታየው ሚዛን

ሦስተኛው ሚዛን ከሁሉ የከበደው፣ ከሁሉም የተረሳው ነው። ተተኪ ማፍራት ዓመታት ይወስዳል። የ14 ዓመት ታዳጊ በዋናው ቡድን ቋሚ ተሰላፊ እስኪሆን አምስት ስድስት ዓመት ይጠብቃል። የአሠልጣኙ ውል ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። ዛሬ የተከለው ችግኝ ጥላ የሚሆነው ለሚቀጥለው፣ ምናልባትም ከዚያ ለሚቀጥለው አሠልጣኝ ነው። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ የሚሰናበት ሰው የ18 ዓመት ልጅ አሰልፎ ለምን ይደፍራል?

መዘዙን በብሔራዊ ቡድኑ ላይ ማየት ይቻላል። በ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ሰውነት ቢሻው ከያዟቸው 23 ተጫዋቾች ሃያዎቹ በሀገር ውስጥ ክለቦች የሚጫወቱ ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ወጣቶቹ ጌታነህ ከበደና ሽመልስ በቀለ ይገኙበታል። ጌታነህ በዚያው ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ተዛወረ፤ ሽመልስም በግብፅ ሊግ ለዓመታት ተጫወተ። ይህ ለአሠልጣኙ የሚቆጠር ነው፤ ዕድሉን በትልቅ መድረክ ሰጥተዋቸዋል።

ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በጥር 2014 ዓ.ም ካሜሩን ላይ ነው። ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 በተለያየችበት ጨዋታ ግቧን በፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረው ጌታነህ ከበደ ነበር። በሰኔ 2014 ዓ.ም ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ከሁለቱ አግቢዎች አንዱ ሽመልስ በቀለ ነበር፤ ሌላው ዳዋ ሁቴሳ ነው። ለሁለቱ ተጫዋቾች ጽናት ክብር ይገባል። ነገሩ ግን ሁለት ፊት አለው። በአንድ ወገን የሰውነት ዘመን ፍሬ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። በሌላ ወገን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ቦታቸውን የሚረከብ ትውልድ በበቂ አልደረሰም። የመጀመሪያው የአንድ አሠልጣኝ አሻራ ነው፤ ሁለተኛው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተፈራረቁ አሠልጣኞችና አሠሪዎቻቸው ሁሉ የሚጋሩት ዕዳ ነው።

ተተኪ ማፍራትን እንዴት እንለካው? «ለታዳጊዎች ትኩረት ሰጥተናል» የሚለው የስብሰባ ቃል መለኪያ አይሆንም። የሚለካው በደቂቃ ነው። በዓመቱ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ21 በታች የሆኑ ተጫዋቾች በዋናው ቡድን ስንት ደቂቃ ተጫወቱ? ከክለቡ የታዳጊ ቡድን አድገው ከአሥር ጨዋታ በላይ የተሰለፉት ስንት ናቸው? ተጠባባቂ ወንበር ላይ ስሙ የተጻፈ ሁሉ አደገ አይባልም።

ዕድሜውም እውነተኛ መሆን አለበት። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች ላይ ከ2009 እ.ኤ.አ ጀምሮ የእጅ አንጓ አጥንትን በኤምአርአይ መርምሮ ዕድሜ የሚያጣራው፣ ካፍም ይህንኑ የሚከተለው ያለ ምክንያት አይደለም። የ22 ዓመት ወጣት በ17 ዓመት ታዳጊ ቦታ ሲሰለፍ የዛሬውን ጨዋታ ያሸንፍ ይሆናል። የታዳጊውን ቦታ ግን ወስዷል፤ የክለቡንም ነገ በልቷል።

ተተኪ ማፍራት የበጎ አድራጎት ሥራ ብቻ ተደርጎም መታየት የለበትም። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ ሀገር ክለብ በክፍያ ሲዛወር፣ ከዝውውሩ ክፍያ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከዚህ ድርሻ ለ12፣ ለ13፣ ለ14ና ለ15 ዓመት የውድድር ዘመኖች ለእያንዳንዳቸው 5 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላሉት ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ ይታሰባል። በምሳሌ እንየው። ተጫዋቹ በ100 ሺህ ዶላር ቢሸጥ ለአሠልጣኝ ክለቦች የሚከፋፈለው 5 ሺህ ዶላር ነው። ከ16 እስከ 19 ዓመቱ አራት የውድድር ዘመን ያቆየው ክለብ ከዚህ 40 በመቶውን፣ ማለትም 2 ሺህ ዶላር ያገኛል። ተጫዋቹ ውሉ ሳያልቅ በክፍያ በተዛወረ ቁጥርም ይህ ድርሻ ይደገማል። ነገር ግን ልጁ በታዳጊነቱ በስሙና በትክክለኛ ዕድሜው ካልተመዘገበ ክለቡ የሚጠይቀው ማስረጃ የለውም። መዝገብ መያዝ እንደ ዘር ጎተራ ነው፤ ያላስቀመጠ አያወጣም።

የተረከቡትና ያስረከቡት

ሦስቱን ሚዛኖች የሚያስተሳስረው ርክክቡ ነው። በእንግሊዝ ሊግ ፍቅር የነደደ የጎንደር ወጣት ሁሉ ሰር አሌክስ ፈርጉሰንን ያውቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር 1986 ማንችስተር ዩናይትድን ሲረከቡ ቡድኑ በሊጉ ግርጌ አካባቢ ነበር። የመጀመሪያ ዋንጫቸውን ያገኙት በ1990፣ የመጀመሪያ የሊግ ዋንጫቸውን በ1993 ነው። ከዚያ በፊት ግን በ1992 የክለቡ ታዳጊዎች የእንግሊዝን የወጣቶች ዋንጫ ወስደው ነበር። ቤክሃም፣ ጊግስ፣ በትና ጋሪ ኔቪል በዚያ ቡድን ውስጥ ነበሩ። በሦስተኛው ዓመት ውጤት ብቻ ተመዝነው ቢሰናበቱ ኖሮ ከ13ቱ የሊግ ዋንጫዎቻቸው አንዱም አይኖርም ነበር። ሲለቁ ደግሞ በ2013 ሻምፒዮን የሆነ፣ ነገር ግን ብዙ ቁልፍ ተጫዋቾቹ በዕድሜ የገፉ ቡድን አስረከቡ፤ ቡድኑ በቀጣዩ ዓመት ሰባተኛ ሆነ። ታላቁ አሠልጣኝ እንኳ በርክክብ ሚዛን ላይ ሲወጡ ጥያቄ አይቀርላቸውም።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። ውበቱ አባተ በፋሲል ዘርተው ሌላ ሰው አጨደ የሚል ሰው አንድ ነገር ማስታወስ አለበት። ውበቱ ራሳቸው ብሔራዊ ቡድኑን ሲረከቡ የአፍሪካ ዋንጫው ማጣሪያ ተጀምሮ ነበር። ከእርሳቸው በፊት አሠልጣኝ አብርሃም መብራቱ በኅዳር 2012 ዓ.ም ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸንፈው ነበር፤ ከግቦቹ አንዱን ያስቆጠረውም የፋሲሉ ሱራፌል ዳኛቸው ነው። ኢትዮጵያ በማጣሪያው ከሰበሰበችው ዘጠኝ ነጥብ ሦስቱ በአብርሃም፣ ስድስቱ በውበቱ ዘመን የተገኙ ናቸው። ካሜሩን ላይ ቡድኑን ይዘው የተሰለፉት ግን ውበቱ ናቸው። በጎንደር የዘሩት ሰው በዋልያዎቹ ቤት አጨዱ። ይህ ማንንም አያሳፍርም። በእግር ኳስ ማንም ብቻውን አይዘራም፤ ማንም ብቻውን አያጭድም።

የሥዩም ከበደስ ርክክብ? ከዋንጫው በኋላ ፋሲል በካፍ ሻምፒዮንስ ሊግ የሱዳኑን አል ሂላል ገጥሞ ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ተለያየ፤ ሳይሸነፍ፣ በገዛ ሜዳው በገቡበት ግቦች ብዛት ብቻ ወደቀ። በ2014 ዓ.ም የውድድር ዘመን መካከል ክለቡና አሠልጣኙ ተለያዩ። ቡድኑ ግን ዓመቱን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። አሠልጣኙ ሄደው ቡድኑ አልፈረሰም፤ ይህም በመዝገባቸው በበጎ የሚጻፍ ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ግን ዋንጫው በ2014ና በ2015 ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ2016 ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ወደ ኢትዮጵያ መድን ሄደ። የ2013ቱ ተጫዋቾች አንድ በአንድ ሲበተኑ ቦታቸውን ከሥር አድገው የሚረከቡ በበቂ ሁኔታ ተዘጋጅተው ነበርን? መልሱን ከአንድ አሠልጣኝ ብቻ መጠየቅ አይገባም። ሲቀጠር ተተኪ አፍራ ያልተባለ፣ ሲሰናበትም ተተኪ አላፈራህም ያልተባለ ሰው በዚህ ብቻ ሊወቀስ አይችልም።

እንግዲህ እንዴት እንመዝን?

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ክርክሩ ሲነሣ ተከራካሪው አምስት ጥያቄ ቢያነሣ ይበጃል።

አንደኛ፣ አሠልጣኙ ሲመጣ ቡድኑ ስንተኛ ነበር፣ ሲሄድስ? ሁለተኛ፣ ውጤቱ የተገኘው በምን በጀት፣ በየትኛው ሜዳ፣ በእነማን ላይ ነው? ሦስተኛ፣ ካስፈረማቸው ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ቋሚ ተሰላፊ ሆነው የቆዩት ስንቶቹ ናቸው? አራተኛ፣ ከታዳጊ ቡድኑ ያሳደጋቸው ስንት ደቂቃ ተጫወቱ? አምስተኛ፣ ከሄደ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሥራው ምን ቀረ? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በዓመቱ መጨረሻ መመለስ ይቻላል። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የአሠልጣኝ አሻራ በተሰናበተበት ቀን በስሜት የሚፈረድ ነገር አይደለም።

በዚህ ሚዛን የ2013ቱ ዋንጫ የሁለቱም ነው። ውበቱ ለዋንጫ የሚፎካከር ቡድን አበጁ፤ ሥዩም ያንን ሳያፈርሱ፣ ሜዳ በሌለበት ዓመት እስከ መጨረሻው አደረሱት። በውጤትና በተጫዋች ምርጫ ሁለቱም ከፍ ብለው ይወጣሉ። ሦስተኛው ሚዛን ላይ ግን ከእነርሱ ይልቅ መጠየቅ ያለባቸው ውል የሚያዘጋጁት ናቸው። ከዋንጫና ከደረጃ በተጨማሪ ለታዳጊዎች የሚሰጠው የጨዋታ ደቂቃ በአሠልጣኙ ውል ውስጥ ቢጻፍ፣ ለዚያም ጉርሻ ቢታሰብለት፣ አሠልጣኙ የ18 ዓመት ልጅ ሲያሰልፍ ብቻውን አይደፍርም፤ ክለቡ አብሮት ይደፍራል።

ነገሩ ትክል ድንጋይን የሚመለከተው ለዚህ ነው። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ከጀመረበት ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ያደገ የገጠር ልጅ ፋሲልን የሚያውቀው በአብዛኛው በቴሌቪዥን ነው። ወደ ፋሲለደስ ስታዲየም ሄዶ እኔም እንደ እነርሱ እሆናለሁ የሚልበት ዕድል ጠቦበታል። ከትምህርት መልስ፣ ከብት ካስገባ በኋላ፣ አዝመራ በተሰበሰበበት ማሳ ላይ በጨርቅ ኳስ የሚሮጠውን ልጅ የሚያይ ዓይን ከክለቡ መምጣት አለበት። ዓይኑን የሚልከው ደግሞ አሠልጣኙ ነው፤ አሠልጣኙን የሚያዘው ውሉ ነው፤ ውሉን የሚያስለውጠው የሕዝቡ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ክርክሩ ይቀጥል፤ ጥሩ ክርክር ነው። ከእንግዲህ ግን ዋንጫውን ማን አመጣው ብሎ ብቻ አያብቃ። ለከርሞ የሚሆን ዘር ማን አስቀመጠልን ተብሎም ይጠየቅ።